ድርቡ አውራ ዶሮ ለምን ቀድሞ ይታረዳል?



ባለፈው የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ወርዶ ዶሮ የገዛ ሰው በዚህ አዳራሽ አይጠፋም። ምን ዓይነቱን እንደመረጣችሁ ሳትነግሩኝ አውቀዋለሁ፤ ቀይ፣ አውራ፣ ድርብ። ኪስ ካልፈቀደ ገብስማ ወይም ወሰራ። ጥቁሩን አንሥቶ የሄደ ካለ፣ ወይ አዋቂ ቤት ታዝዞ ነው፣ ወይ ዋጋው ወርዶለት ነው።

ለጌጥ ስለሚረቡ ዶሮዎች እንድናገር ስጋበዝ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። «የዶሮ ጌጧ ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ነው፤ ሌላ ምን ጌጥ አላት?» አለ። ቀልድ ነው፤ ግን የነገሩን ሥር ነክቶታል። እኛ ዶሮን በመልኳ መምረጥ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ላባዋን፣ ቅልጥሟን፣ አናቷን አይተን ዋጋ እንቆርጣለን። ነገር ግን ሌላው አገር ያለ አርቢ መልከ መልካሙን አውራ ለዘር ሲያስቀር፣ እኛ ለቢላ እናስቀድመዋለን። ዛሬ የመጣሁት ይህን ላወራችሁ ነው።

ገበያውን ጠጋ ብለን እንየው። ሻጩ እግራቸው የታሰረ አምስት ስድስት አውራ ዶሮዎች ቁልቁል አንጠልጥሏል። አንዲት ጠና ያሉ እናት አንዱን ክንፉና ክንፉ ከሚጋጠሙበት ይዘው ያነሡና በእጃቸው ይመዝኑታል። ጣታቸውን ወደ ደረቱ አጥንት ይሰዳሉ፤ አጥንቱ ስለት ሆኖ ከተሰማቸው ሥጋ የለውም ማለት ነው፣ ይመልሱታል። ላባውን እፍ ብለው ገልጠው ቆዳውን ያያሉ። መጨረሻ ላይ አንገቱን ቀና አድርገው አናቱን ይመለከታሉ።

«ይሄማ ነጠላ ነው። ድርብ የለህም?»

«እማማ፣ ድርቡ እኮ ጠዋት አለቀ!»

ነጠላ የሚባለው አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ ተተርትሮ ሲቆም ነው። ድርብ የሚባለው ደግሞ ሰፋ፣ ጠፍጠፍ ብሎ አናቱ ላይ ሲነጠፍ ነው። ለወጡ ጣዕም አንዳቸውም አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ሆኖም የገጠር ዶሮ ገበያን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው እንደጻፉት ክብደታቸው እኩል ከሆነ ሁለት አውራዎች ቀዩና ድርቡ የበለጠ ያወጣል። ገበሬው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ነሐሴ ሲገባ ለከተማ የሚጭነው ምርጡን ነው። ከሴቶቹ ጋር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው። ድርብ እስካሁን ከአገር ያልጠፋው አውራው ከመሸጡ በፊት ጥቂት ወራት ግቢ ውስጥ ሲጎማለል ስለሚከርም ብቻ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ራሴ አንድ የሚያሳፍር ታሪክ ልንገራችሁ። ገርጂ ያለችው ግቢዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ስጀምር ቀይ ድርብ አውራና ሁለት ድርብ ሴቶች ገዛሁ። አንዷ መታቀፍ ፈለገች፤ ሰፌድ ላይ ገለባ ጎዝጉዤ አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቀፍኳት። በ21ኛው ቀን አሥር ጫጩት ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጫጩቶቹ አደግ ሲሉ ግን ሦስቱ ነጠላ ሆነው አረፉት። ጎረቤቴ ነጠላ አውራ ነበረው፤ ግንቡ ላይ ወጥቶ የሚጮህ። ወዲያው ፈረድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረቤቴን ሰላም አላልኩትም።

ጎረቤቴን ነጻ ያወጣው ዊልያም ቤትሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። መነኩሴው ሜንዴል በአተር ላይ ያገኘው የዘር ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳየው በዶሮ ነበር፤ ያውም በዚሁ በአናቷ ሥጋ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጫጩት ለአናቷ ቅርጽ አንድ ትእዛዝ ከአባት፣ አንድ ከእናት ትወርሳለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ድርብ ያሸንፋል፤ ነጠላው ግን አይሞትም፣ ይደበቃል። ላይ ላዩን ድርብ የሆነ አውራ ውስጡ ነጠላ ሊሸከም ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ ሲገናኙ በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ነጠላ ይሆናል። የእኔ ከአሥር ሦስቱ ልክ ሊመጣ የሚገባው ነበር። ተቃራኒው ግን አይሆንም፤ ከሁለት ነጠላ ወላጆች ድርብ አይወለድም። ነጠላ ብቻ ያለው ሰው ግቢ ድርብ ጫጩት ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ጎረቤትን መጠርጠር ይቻላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ቀላል ነበር። እኛ «ድርብ» በሚል አንድ ስም የምንጠራው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ሰፊ ሆኖ ላዩ ችፍ ያለ፣ ወደ ኋላ ሹል የሚያወጣ ነው፤ ፈረንጆቹ ጽጌረዳ ይሉታል። ሌላው ዝቅ ያለ ሆኖ ሦስት ትናንሽ ረድፍ አለው፤ አተር ይሉታል። ሁለቱ የሚመጡት ከተለያየ የዘር ትእዛዝ ነው። ንጹሑን ጽጌረዳ ከንጹሑ አተር ጋር ብታዳቅሉ ልጆቹ ሁለቱንም አይመስሉም፤ አናታቸው ላይ የተሸበሸበ እብጠት የመሰለ ሦስተኛ ቅርጽ ይወጣል። እነዚያ ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ደግሞ አራቱም ዓይነት ብቅ ይላል፣ ከ16ቱ 9፣ 3፣ 3፣ 1 በሆነ ስሌት። የመጨረሻዋ አንዷ ነጠላ ናት። ቤትሰንና ባልደረባው ፐኔት በዚህ ሙከራ ሁለት የዘር ትእዛዞች ተጋግዘው አንድ አካል እንዴት እንደሚቀርጹ አስተማሩ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ስዊድን ውስጥ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን ጽጌረዳውን ቅርጽ የሚያመጣው ምን እንደሆነ አገኘ፤ ረጅም የዘር ገመድ ቁራጭ ተገልብጦ ተቀምጧል። ሲገለበጥ አንድ ሌላ ዘረመል ቆረጠ። በዚህ ምክንያት ጽጌረዳነትን ከአባትም ከእናትም የወረሰ አውራ የዘር ፍሬው ሩጫ ደካማ ይሆናል። ነጠላ ደብቆ የያዘው ግን ደህና ነው። እንግዲህ መንጋዬን አጠራለሁ ብሎ ነጠላውን ሁሉ ያወጣ አርቢ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የታቀፈው እንቁላል ከፊሉ ሳይፈለፈል ሲቀር ሰው ዓይን አገባብኝ ይላል። ገበያ ላይ የናቅነው ነጠላ ለካ ድርቡን ደግፎ ያቆመው ነው።

ይህን ሁሉ መልክ የያዘችው ዶሮ ወደ አገራችን የመጣችው ከሩቅ ነው፤ መነሻዋ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ሆኖም ከቆየች ቆይታለች። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ ሰፈር የተቆፈሩ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ800ና በ600 ገደማ መካከል የነበሩ ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ከተገኙት ቀደምት ከሚባሉት መካከል ናቸው ማለት ነው። ከአክሱም መንግሥት በፊት እዚህ ስትጭር ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን በቆላና በደጋ፣ በሸለምጥማጥና በፈንግል ተፈትና መልኳ ተበታተነ። ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ኮንሶ፣ ሸካ፣ ፋርጣ፣ ማንዱራ እየተባለ ተጠንቷል። ሐሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት ከአማራ ክልል ብቻ ሰባት ለይታለች፤ ቲሊሊ፣ ገሊላ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መሎ ሐሙሲት፣ ጋሳይ፣ ጓንጓና ሜጫ። እንደምታዩት ስሙ የወረዳው ወይም የገበያው እንጂ የዶሮዋ አይደለም። እንግሊዞች የእያንዳንዱን ዝርያ መልክ ከአናት እስከ ጥፍር የሚደነግግ መጽሐፍ ያተሙት እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። የእኛው መጽሐፍ ሻጩ አፍ ላይ ነው፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ፣ ጉትዬ፣ መላጣ።

መላጣዋን ብዙ ሰው በሽታ ነው ብሎ ይሸሻታል፤ በዚህ ቅር ይለኛል። አንገቷ ራቁት የሆነው በዘር ነው። ላባ ስለሚቀንስባት ሙቀት ትችላለች፤ ለቆላ የተሠራች ናት። ጉትዬዋን ደግሞ ልጆች ይወዷታል። አናቷ ላይ የላባ ቁንጮ አላት፤ ከበዛ ዓይኗን ይጋርድባትና ጭላት ሲመጣ አታይም። ቁንጮውን በመቀስ ከፈፍ ማድረግ ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት አገሪቱ ውስጥ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ ነበረ፤ ከዚያ የአበሻው 79 በመቶ ያህል ነበር። ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከ95 በመቶ በላይ ነበር። ይህን የምለው የፈረንጅ ዶሮን ለመክሰስ አይደለም። ቁርሴ ላይ የምበላው እንቁላል የእሷ ነው፤ የብዙዎቻችሁም እንደዚያው። ግን ዶሮ እንደ ጤፍ አይደለችም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመውና ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በምንለው ቤት ዘራቸው ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጣል፤ ዓመታት ቆይቶ ቢዘራ ይበቅላል። የዶሮ እንቁላል ቢቀዘቅዝ ሞተ። የአውራውን ዘር ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ሆኖም በወፎች ዘንድ ሴትነትን የሚወስነው ከእናት የሚመጣው ክሮሞዞም ስለሆነ ከአውራው ብቻ ሙሉውን መመለስ አይቻልም። የስኮትላንዱ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት ሰዎች ገና ከፅንሱ የዘር ሕዋስ አውጥቶ በማቀዝቀዝ መንገድ ጀምረዋል፤ ድንቅ ነው፣ ግን ቤተ ሙከራ ይጠይቃል። ለሌሎቻችን የዶሮ የዘር ባንክ ማለት ቆጥ ላይ ያለች ሕያው ዶሮ ናት።

እዚሁ ሰፈራችን፣ ጉርድ ሾላ አጠገብ፣ ኢልሪ የምንለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ አለ። በመኪና የምናልፈው ስንቶቻችን ነን? በዶክተር ታደለ ደሴ የተመራው የአፍሪካ ዶሮ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ልዩ ልዩ ዝርያዎችን ገበሬው ደጅ ሲፈትን፣ ከተፈተኑት አንዷ የሆሮ ዶሮ ነበረች። ሆሮን ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እየመረጠ ሲያራባት ቆይቷል። በሰባት ትውልድ ውስጥ አንዲት ዶሮ እስከ 45 ሳምንት ዕድሜዋ የምትጥለው እንቁላል ከ34 ወደ 75 ገደማ ከፍ ብሏል። ከውጭ የገባ ደም አልተቀላቀለባትም። የተጨመረላት ነገር ቢኖር ጥሩዋን ለዘር ማስቀረት ነው፤ ሾላ ላይ የምናደርገውን ገልብጦ።

ተመራማሪው ግን ለእንቁላል ቁጥርና ለክብደት ይመርጣል እንጂ ለዛጎልማ ላባ በጀት የለውም። ያ የወዳጅ ሥራ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ያለው፣ ግቢ ያለው፣ ዶሮ ሲያይ ፈገግ የሚል ሰው ሥራ። ቦሌ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ችግሩ ዓይኑ ሌላ ቦታ መሆኑ ነው።

ስልካችሁን ብትከፍቱ ታገኙታላችሁ፤ እግሯ ላባ የለበሰ ብራህማ፣ ላባዋ እንደ ሐር የሆነ ጥቁር ቆዳ ያላት ሲልኪ። ውብ ናቸው፣ አልክድም። ሲልኪ አምስት ጣት አላት፣ መታቀፍ ስለምትወድ የሌላ ዶሮ እንቁላል ታሳድጋለች። ነገር ግን ይህ ትኩሳት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1849 ቦስተን ላይ ታላቅ የዶሮ ትርኢት ከተደረገ በኋላ አሜሪካ አበደች። ጆርጅ በርንሃም የሚባል ነጋዴ በ1852 ዘጠኝ ብራህማ ለንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ ላከ፤ ስጦታው ማስታወቂያ ነበር፣ ዋጋው ጣራ ነካ። የዶሮዎቹ መነሻ ሻንጋይ ሲሆን ስማቸው ግን ከሕንዱ ብራህማፑትራ ወንዝ ተወሰደ፤ ስሙ ጥሩ ይሸጣላ! ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያው ተንኮታኮተ። በርንሃም በ1855 ስለዚያ እብደት እየሳቀ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሲሸጥም ሲስቅም ያተረፈ ሰው።

በቦሌ አየር ማረፊያ በሻንጣ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚገባው እንቁላል ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ አንዳንድ በሽታ ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ይሻገራል፤ ሳልሞኔላና ማይኮፕላዝማ የምንላቸው በዚህ መንገድ ይገባሉ። ሁለተኛ፣ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የቆላ ዶሮ እንቁላል እዚህ ሲታቀፍ ውኃው ቶሎ ይተንናል፣ ፅንሱም ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ብዙው ሳይፈለፈል ይቀራል። የደጋዋ የአበሻ ዶሮ ግን ስንት ትውልድ በዚህ አየር ተፈልፍላለች። በውድ የገዛው እንቁላል ሳይፈለፈልለት የቀረ አንድ የማውቀው ሰው «ጋሼ፣ መፈልፈያ ማሽኑ ነው የበደለኝ» አለኝ። ማሽኑ ምንም አላደረገም።

ታዲያ አንድ ሰው ወሰራዋን ወይም ዛጎልማዋን ላቆይ ቢል ስንት ዶሮ ይበቃዋል? አርቢዎች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። የወንዱን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር አባዙ፣ ያንን በአራት አባዙ፣ ለጠቅላላው ቁጥር አካፍሉ። አንድ አውራና ዐሥር ሴት ካላችሁ 3.6 ይመጣል። ዐሥራ አንድ ዶሮ ትመግባላችሁ፤ በደም ረገድ ግን ያላችሁ አራት እንኳ አይሞላም። በዚያው ዐሥራ አንድ ዶሮ ሦስት አውራና ስምንት ሴት ብታደርጉት 8.7 ይሆናል። ግን ሦስት አውራ አንድ ግቢ ውስጥ ሰላም አይሰጥም፤ ዱላው ቀርቶ ጩኸቱ።

መፍትሔው እቁብ ነው። እኛ አራት ቤቶች ሆነን ጀምረነዋል፤ ገርጂ ሁለት፣ ሰሚት አንድ፣ አያት አንድ። ሴት ዶሮ ከቤቷ አትወጣም። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ የዓመቱን ምርጥ ወጣት አውራ ለሚቀጥለው ቤት እንሰጣለን፤ የአራተኛው ቤት ለመጀመሪያው ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ቄቧ አባቷንም ወንድሟንም አታገኝም። ነባሩ አውራና የቀሩት ወጣት ወንዶች ወደ ድስት ይሄዳሉ፤ ዶሮ ወጥ አልከለከልንም። ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ለድስቱ የሚሄደው ሁለተኛው ምርጥ ነው። ይህን ቤተሰብ ማስረዳት ግን ከሁሉም የከበደ ሥራ ነበር። አክስቴ ለፋሲካ መጥታ ቀዩን ድርቤን ስታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «እሱ ለዘር ነው» ስላት «ለማን ዘር?» አለችኝ።

ጥቂት የቤት ነገር ልጨምር። ፈንግል የገባበት ግቢ በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ይሠራል፤ ለጫጩት በዓይን የሚንጠባጠብ አለ፣ በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ አለ። ብልቃጡ ግን ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ለስምንት ዶሮ ከፍታችሁ የቀረውን መድፋት ነው። እቁቡ እዚህም ይጠቅማል፤ በአንድ ቀን ተጠራርተን በበረዶ ይዘን ከቤት ቤት እናዞረዋለን። ውኃ ውስጥ የሚሰጠውን የቧንቧው ክሎሪን ስለሚገድለው የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሻላል። የዶሮ ጠላት በቀን ጭላት ናት፤ ከግቢው በላይ መረብ ዘርጉ። በሌሊት ሸለምጥማጥ ነው፤ በሩን ራሳችሁ ዝጉ፣ ዘበኛው ይዘጋዋል አትበሉ።

የጩኸት ነገር ሳይነሣ አይቀርም፤ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ስትንሾካሾኩ እያየሁ ነው። አውራ ዶሮ ሲጮህ አንገቱን ወደ ላይ መዘርጋት አለበት። ቆጡን ጣራው ዝቅ ባለና ጨለማ በሆነ ሳጥን ውስጥ ብታደርጉለት ጩኸቱን ባያስቀርም ያዘገየዋል። ለማንኛውም ፎቅ ላይ አውራ አታኑሩ፤ ሴቶቹን ብቻ ያዙና ለዘር እንቁላሉን ከእቁብ ተቀበሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት ደግሞ አንድ ላይ የሚኖሩ አውራዎች ንጋት ላይ የሚጮሁት በተራ ነው። መጀመሪያ አለቃው ይጮሃል፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ይከተላሉ።

ያ ቀዩ ድርብ አውራዬ ነባር ሲሆን በእቁቡ ሕግ ድስት ይጠብቀው ነበር። አክስቴ ስለቱን አዘጋጅታ ነበር። ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ለዚያው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም ላላልኩት ሰው። አሁን ከግንቡ ማዶ ነው። እኔ ግቢ የአያቱ ሰው የሰጠኝ ወጣት ገብስማ አለ፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ያልጠና። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ቀዩ ከማዶ አንድ ጊዜ ይጮሃል። የእኔው ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይመልሳል።